ኮንክሪት ጠጋኞቹ ተሰብስበው ምን ያደርጋሉ?

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የሚኖር ሐበሻ ከኮንክሪት ጋር ብዙ ጉዳይ አለው። ስንቱ ነው አሜሪካ ገብቶ የመጀመሪያ ደሞዙን ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ያገኘው? ካሸር ሆኖ፣ መኪና እያቆመ፣ የሌሊት ፈረቃ እየገባ። ዛሬ ደግሞ ብዙዎች የኮንዶ ባለቤት ሆነዋል። ታዲያ አንድ ቀን ከኮንዶው ማኅበር ደብዳቤ ይመጣል። የጋራዡ ኮንክሪት ሊጠገን ነው፣ እያንዳንዱ ባለቤት ይህን ያህል ሺህ ዶላር ያዋጣ ይላል። ስፔሻል አሰስመንት የሚሉት ዱብ ዕዳ ነው።

የጥገናውን ሰነድ ገልጦ ያነበበ ሰው አንድ ስም ደጋግሞ ያገኛል፦ አይሲአርአይ። የተበላሸው ኮንክሪት በአይሲአርአይ መመሪያ ይነሳ፣ ወለሉ በአይሲአርአይ ደረጃ ይዘጋጅ፣ ወዘተ። ብዙ ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስለዋል። አይደለም። የሙያ ማኅበር ነው። በየአካባቢው ቻፕተር የሚባል ቅርንጫፍ አለው። የእኛን ሰፈር የያዘው የባልቲሞር-ዋሽንግተን ቻፕተር ይባላል። ሰዎቹ ተሰብስበው ምን እንደሚሠሩና ምን እንደማይሠሩ ማወቁ፣ ደብዳቤው ለደረሰው ሰው ጥቅም አለው።

## ማኅበሩ የማን ነው?

ሙሉ ስሙ ኢንተርናሽናል ኮንክሪት ሪፔር ኢንስቲትዩት ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ያኔ አዲስ ሕንፃ ለሚሠራ ሰው ሕጉም መጽሐፉም ሞልቶ ነበር። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ሲያዘጋጅለት ኖሯል። የቆመ ሕንፃ ለሚጠግን ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ሁሉም በለመደው ይጠግናል። ያው የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት ለነባር ሕንፃዎች ጥገና የሚሆን ኮድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በዚህ መሐል ክፍተቱን ለመሙላት የተነሱት ጠጋኞቹ ራሳቸው ናቸው።

አባላቱ አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። ጥገናውን የሚሠሩ ኮንትራክተሮች አሉ። ንድፍ የሚያወጡ መሐንዲሶች አሉ። መጠገኛውን ቁሳቁስ የሚያመርቱና የሚሸጡ አሉ። ላብራቶሪዎች፣ አልፎ አልፎም የሕንፃ ባለቤቶች አሉ። በሥራ ቦታ እነዚህ ሰዎች ሆድና ጀርባ ናቸው። ጥገናው ከተበላሸ መሐንዲሱ ኮንትራክተሩን፣ ኮንትራክተሩ ቁሳቁሱን፣ ሻጩ ደግሞ አቀላቀሉን ይከሳል። ቻፕተሩ እነዚህን ሰዎች ካሳ ጥየቃ ሳይመጣ በፊት አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ለኔ ትልቁ ሥራው ይኸው ነው።

በሰሜን አሜሪካ 40 ገደማ ቻፕተሮች አሉ። የሚመሯቸው የተመረጡ ፈቃደኞች ናቸው። ፕሬዚዳንቱም ገንዘብ ያዡም ቀን ቀን የራሳቸው ሥራ ላይ ናቸው። ለማኅበሩ የሚሠሩበት ደሞዝ የለም።

## ለመሆኑ ኮንክሪት ይበላሻል እንዴ?

ኮንክሪት ለብቻው ቢሆን ዕድሜው ረጅም ነው። ጣጣው ውስጡ ያለው ፌሮ ነው። ጤነኛ ኮንክሪት በኬሚካል ጠባዩ ከአሲድ ተቃራኒ ነው። በዚህ ጠባዩ ፌሮው ላይ በዓይን የማይታይ መከላከያ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ እስካለ ድረስ ፌሮ አይዝግም።

ሽፋኑን የሚያፈርሱት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ጨው ነው። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። መኪናው ጨዋማውን ጭቃ በጎማው ተሸክሞ ጋራዥ ይገባል። ውጭ ያለውን መንገድ ዝናብ ያጥበዋል። ጋራዡን ግን የሚያጥበው የለም። ጨው በየዓመቱ እየተጠራቀመ፣ ከውሃ ጋር እየሰረገ ፌሮው ጋ ይደርሳል። ሁለተኛው አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቀስ ብሎ ይገባና ያንን መከላከያ ጠባይ ያጠፋዋል።

ከዚያ ዝገት ይጀምራል። ዝገት ከብረቱ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ቦታ ይይዛል። ውስጥ ሆኖ ያብጣል። የከበበውን ኮንክሪት ይገፋዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ በመጨረሻ ቅርፊቱን ያስወረውረዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው ነው። ከላይ ምንም ሳይታይ ዓመታት ያልፋሉ።

ጋራዥ የሠራ ሰው ምልክቶቹን ያውቃቸዋል፣ ስማቸውን ባያውቅም። ጣሪያው ላይ ነጭ ነገር ይንጠለጠላል፤ አንዳንዱ ጫፉ ሾጥጦ ይወርዳል። ውሃ በስንጥቅ ሲያልፍ ከሲሚንቶው አጥቦ ያወጣው ኖራ ነው። «እዚህ ጋ መኪና አታቁም፣ ቀለም ያበላሻል» የሚባልበት ቦታ በየጋራዡ አለ። ያ ቦታ ለመሐንዲሱ ከብዙ ወረቀት የበለጠ ይነግረዋል። ግን የጋራዡን ሠራተኛ ማን ይጠይቀዋል?

## ታዲያ በሲሚንቶ መድፈን አይበቃም?

አይበቃም። ቻፕተሮቹ ከስብሰባ ስብሰባ የሚያነሱትና የሚጥሉትም ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ የተላቀቀውን መፈለግ አለ። ወለሉ ላይ ሰንሰለት ይጎተታል፣ ጣሪያው በመዶሻ ይመታል። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ የተላቀቀው ባዶ ድምፅ ያሰማል። ያንን በጠመኔ ወይም በቀለም ያከብቡታል። ከዚያ ዙሪያው በመጋዝ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ ቅርጹም አራት ማዕዘን ይሆናል። ጫፉ ሳስቶ የሚያልቅ ልጥፍ ቶሎ ይነሳልና አይፈቀድም።

ቀጥሎ ያለው ነገር ባለቤቶችን ያስቆጣል። የአይሲአርአይ መመሪያ ቁጥር 310.1 ፌሮው ከዛገ ከሥሩም ያለው ኮንክሪት ይውጣ ይላል። በፌሮውና በቀረው ኮንክሪት መሐል ቢያንስ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይፈጠራል። ደህና የሚመስለውን ለምን ታፈርሳላችሁ? ይባላል። ምክንያቱም ከፌሮው ጀርባ ያለው ዝገት ካልጸዳ፣ አዲሱም ኮንክሪት ፌሮውን ዙሪያውን ካላቀፈው፣ የተደፈነው ቦታ ተመልሶ ይፈነዳል። ፌሮው በዝገት ብዙ ሳስቶ ከተገኘ ደግሞ ሥራው ቆሞ መሐንዲሱ እንዲያየው ነው የሚባለው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሌላ ጣጣ አለ። ዝገት የኤሌክትሪክ ጠባይ አለው። አንዱ የፌሮ ክፍል ሲዝግ አጠገቡ ያለውን ከመዛግ ይጠብቀዋል። እንግዲህ የዛገው ቦታ ታክሞ በንጹህ ኮንክሪት ተሞላ እንበል። አሁን ተራው የጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ አሁንም ጨው የጠገበው አሮጌ ኮንክሪት ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ልጥፉ እንዳማረበት ይቆይና በጥቂት ዓመት ውስጥ ዙሪያው መሰንጠቅ ይጀምራል። ባለቤቱ «ኮንትራክተሩ አታለለኝ» ይላል። ሊሆን ይችላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ኬሚስትሪው ነው። መፍትሔው ጨው የገባበትን ሁሉ ማንሳት ነው፤ ወይም ልጥፉ ዳር ላይ ዚንክ መቅበር። ዚንኩ በፌሮው ፈንታ ይበላል።

## እራት በልተው ይበተናሉ ማለት ነው?

የቻፕተሩ ዋና ፕሮግራም በእርግጥም እራት ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ማታ፣ ሆቴል ወይም ምግብ ቤት ይሰበሰባሉ። ከሩቅ ላየው የጽዋ ማኅበር ነው። ማዕዱ አለ፣ ጨዋታው አለ፣ የቀረ ሰው ይጠየቃል። ልዩነቱ ከማዕዱ በኋላ ነው። አንድ ሰው ተነስቶ የሠሩትን ሥራ በፎቶ እያሳየ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርካል። ኮንክሪቱ ሲከፈት ምን ተገኘ? አሮጌው ፕላን ላይ ያለው ፌሮ በእውነት ቦታው ላይ ነበር? ምን አልሠራም? ከዚያ ጥያቄ ነው። ጠያቂው ደግሞ ባለፈው ወር በጨረታ የተሸነፈው ተፎካካሪ ሊሆን ይችላል።

መሐንዲሶቹ የሚመጡበት ሌላም ምክንያት አላቸው። ፈቃዳቸውን ለማሳደስ የትምህርት ሰዓት ማሟላት አለባቸው። ለምሳሌ ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ 16 ሰዓት ትጠይቃለች። የቻፕተሩ ትምህርት አንዱን ሰዓት ይሞላላቸዋል።

ቀን የሚደረግ የተግባር ማሳያም አለ። ብዙ ሰው የሚሰበስበው የውሃ ማሽኑ ነው። ኮንክሪትን በጃክሀመር ሳይሆን በከፍተኛ ግፊት ውሃ ይፈረፍራል። ጃክሀመር የሚቀረው ኮንክሪት ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ትቶ ያልፋል፣ አዲሱም ልጥፍ እዚያ ላይ በደንብ አይይዝም። ውሃው ግን የደከመውን ብቻ ጠርጎ ፌሮውን ራቁቱን ያስቀረዋል። አቧራውም ያንሳል። አቧራው ቀላል ነገር አይደለም። ውስጡ ያለው ሲሊካ ሳንባ ይጨርሳል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከመስከረም 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በግንባታ ሥራ ላይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ50 ማይክሮግራም በላይ እንዳይሆን ያስገድዳል። ስለዚህ የደህንነት ትምህርትም ከፕሮግራሙ አይጠፋም።

## ተፎካካሪዎች አንድ ላይ ሲበሉ ዋጋ አይስማሙም?

ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ተፎካካሪዎች በዋጋ መስማማታቸው አሜሪካ ውስጥ ከ1890 ጀምሮ ባለው የሸርማን ሕግ ወንጀል ነው። የንግድ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ዋጋ፣ ጨረታና የሥራ ክፍፍል አይነሳም። ከተነሳም ብልህ ሰው ካፖርቱን አንስቶ ይወጣል። የሚስማሙት ስለ አሠራር ነው። ይህ ደግሞ ለከፋዩ ጥሩ ነው። ሦስት ኮንትራክተሮች «ወለሉን እናዘጋጃለን» ሲሉ ሦስት የተለያየ ነገር አስበው ዋጋ ከሰጡ፣ ርካሹን የመረጠ ሰው ምን እንደገዛ አያውቅም።

ለዚህ ያገኙት ዘዴ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። መዳፍ የሚያህሉ አሥር የጎማ ቁራጮች አሉ። እያንዳንዳቸው የተዘጋጀ ኮንክሪት ፊት ቁርጥ ቅጂ ናቸው። ቁጥር 1 በጣት ሲዳሰስ ልስልስ ያለ ነው፣ በአሲድ የታጠበ ወለል ነው። ቁጥር 2 በመፍጫ የተፈጨ ነው። እየሻከረ እየሻከረ ሄዶ ቁጥር 10 ጠጠሩ ያፈጠጠበት፣ ጣት የሚልጥ ነው። መሐንዲሱ «ቁጥር 5 እፈልጋለሁ» ብሎ ይጽፋል። ኮንትራክተሩ ሲጨርስ ቁራጩ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ጎን ለጎን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል፣ አለቀ። ስስ ቀለም የሚቀባ ወለል ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ወፍራም ነገር የሚለብስ ከፍ ይላል። መጀመሪያ ዘጠኝ ነበሩ፤ አሥረኛው እ.ኤ.አ. በ2013 ተጨመረ።

እንዲህ ያለውን መመሪያ የሚጽፉት ኮሚቴዎች ናቸው። ሰዎቹ ከየቻፕተሩ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ያረቅቃሉ፣ ይተቻሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ። ቁሳቁስ ሻጭ አብሮ ስለሚቀመጥ የጥቅም ግጭት የለም ማለት አይቻልም። የሚያመዛዝነው ሌሎቹ አብረው መቀመጣቸው ነው።

## ጎልፉስ ምንድነው?

ብዙ ቻፕተሮች በዓመት አንዴ የጎልፍ ውድድር ያዘጋጃሉ። ባሕር አጠገብ ያሉት ዓሣ ማጥመድም አላቸው። ሰው ይስቅበታል። ከሚሰበሰበው ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይወጣል። ልጅ ኮሌጅ ያለው ወላጅ የአካባቢውን ቻፕተር ቢጠይቅ አይከስርም።

ሽልማትም አለ። ቻፕተሩ በዓመቱ ጎልተው የታዩ የጥገና ሥራዎችን ይሸልማል። ለውድድር የሚገባ ሰው ችግሩ ምን እንደነበር፣ መንስኤው እንዴት እንደተገኘ፣ ምን እንደተደረገ ጽፎ፣ በፎቶ አስደግፎ ያቀርባል። ጥሩ ጥገና አይታይም፤ ሲያልቅ ያው ግድግዳ ነው። እነዚህ ጽሑፎች ባይኖሩ ልምዱ ሁሉ ከሰዎቹ ጋር ጡረታ ይወጣ ነበር።

## ፈቃድ ይሰጣል? ያጠፋን ይቀጣል?

ሁለቱንም አያደርግም። ፈቃድ የከተማውና የስቴቱ ሥራ ነው። መመሪያዎቹም ለብቻቸው ሕግ አይደሉም። የሚያስገድዱት ውሉ ውስጥ ሲጻፉ ነው። ማኅበሩ ለቴክኒሻኖች ፈተና ሰጥቶ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። አንዱ በኮንክሪት ጥገና ምርመራና ፍተሻ ላይ ነው፣ ሌላው የወለል እርጥበት በመለካት ላይ። ስለዚህ መኪናው ላይ የማኅበሩን አርማ የለጠፈ ኮንትራክተር የሚነግርህ መዋጮውን መክፈሉን ነው። ጎበዝ መሆኑን ለማወቅ የሠራቸውን ሥራዎች ሄዶ ማየት ይሻላል።

## አሁን ለምን ወሬው በዛ?

ሰኔ 24 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ ውስጥ ሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ የተባለው ባለ 12 ፎቅ ኮንዶ ሌሊት ፈርሶ 98 ሰው ሞተ። በ2018 አንድ መሐንዲስ የኮንክሪቱን ጉዳት በጽሑፍ አስታውቆ ነበር። ባለቤቶቹ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መዋጮ ላይ ሲከራከሩ ቆይተው ጥገናው ሊጀመር ሲል ነው የፈረሰው። ዝገት ብቻ ነው ያፈረሰው ማለት ግን ስህተት ነው። የፌዴራል መርማሪዎች የመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ወለል ከመጀመሪያውም ከሚፈለገው አቅም በታች እንደተነደፈ ለይተዋል። ፍሎሪዳ በ2022 ባወጣችው ሕግ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ ኮንዶዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ፣ ከዚያም በየ10 ዓመቱ እንዲመረመሩ አዘዘች።

ሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ማንሃተን ውስጥ አን ስትሪት ላይ የፓርኪንግ ጋራዥ ተደርምሶ አንድ ሠራተኛ ገደለ። ኒውዮርክ ከዚያ ቀደም ብላ ጋራዦች በየስድስት ዓመቱ እንዲመረመሩ የሚያዝ ሕግ አውጥታ፣ ገና ሥራ እየጀመረ ነበር። ምርመራ ሲበዛ ጥገና ይበዛል። ጥገና ሲበዛ ሥራውን የማያውቅ ሰውም ይገባበታል። ቻፕተሮቹ ላይ ያለው ጫናም ያኔ ይጨምራል።

## ደብዳቤው ሲመጣ ምን ልጠይቅ?

መጀመሪያ መንስኤው ተጠንቷል ወይ ብለው ይጠይቁ። ከወለሉ ናሙና ተወስዶ የጨው መጠን ተለክቷል? ካልተለካ ገንዘቡ ምልክቱን ለመድፈን ብቻ ሊውል ይችላል። ቀጥሎ የዋጋው አሠራር አለ። የሚፈርሰው መጠን ኮንክሪቱ ሳይከፈት በትክክል አይታወቅም። ስለዚህ ዋጋው በካሬ ተሰልቶ፣ መጠኑ ቢጨምር መጠባበቂያ የተያዘለት ቢሆን ይመረጣል። «ስንት ነው?» ከማለት «በካሬ ስንት ነው፣ ካሬው ከበዛስ?» ማለት ይሻላል።

ሥራውን ማን ይቆጣጠራል? ከኮንትራክተሩ ጋር ጥቅም የሌለው መሐንዲስ መሆን አለበት። ልጥፉ መያዙን የሚያረጋግጥ ፍተሻ አለ። ትንሽ የብረት ክብ ልጥፉ ላይ ይጣበቃል፣ ዙሪያው ይቦረቦራል፣ ከዚያ ተስቦ ይነቀላል። የተነቀለው ከመጋጠሚያው ከሆነ ዝግጅቱ ደካማ ነበር ማለት ነው። ከአሮጌው ኮንክሪት ቆርሶ ከመጣ ልጥፉ ይዟል። የዚህን ውጤት ለማየት ይጠይቁ። የአሜሪካ ጋራዦች ብዙዎቹ ውስጣቸው የተወጠረ የብረት ገመድ ስላላቸው፣ ሳያጣራ የሚቆርጥ ሰው ሕይወት ላይ ይጫወታልና ይህንንም ይጠይቁ።

ከሁሉ ርካሹ ግን እጥበት ነው። ክረምቱ እንደወጣ ጋራዡን በብዙ ውሃ ማጠብና የውሃ መውረጃዎቹን መክፈት። የኮንዶ ማኅበር ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ ይህን ብቻ መጠየቅ ይቻላል።

## አዲስ አበባስ?

አዲስ አበባ የሚበተን ጨው የለም። እዚያ የሚያሳስበው ሌላኛው መንገድ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ። ፌሮው ላይ ያለው ኮንክሪት ሲሳሳ ቶሎ ይደርስበታል። የሰገነት ሥር ቀና ብሎ ያየ ሰው ፌሮው መስመር ሠርቶ አፍጦ ያገኘዋል። ብዙ ጊዜ የሚደረግለት ልስን ነው። ወደፊት ፎቅ ለመጨመር ጣሪያ ላይ ተቆርጦ የቆመው ፌሮም ዓመታት ዝናብ እየመታው ይዝጋል፤ ሥራው ሲቀጥል መጽዳቱንና ውፍረቱን ማየት ያስፈልጋል። መመርመሪያው ውድ አይደለም። አዲስ የተቆረሰ ኮንክሪት ላይ ፊኖልፍታሊን የሚባል ፈሳሽ ይረጫል። ጤነኛው ክፍል ቀልቶ ሮዝ ይሆናል። ጠባዩን ያጣው ቀለሙን አይቀይርም። ሮዙ የሚጀምረው ፌሮው ጋ ሳይደረስ ከሆነ ገና ጊዜ አለ።

## ከውጭ ሰው መግባት ይችላል?

ይችላል። ቻፕተሮቹ በአብዛኛው አባል ያልሆነ ሰው የእራቱን ከፍሎ እንዲገባ ይፈቅዳሉ፤ ዋጋው ከአባል ትንሽ ከፍ ይላል፣ ለተማሪ ደግሞ ይቀንሳል። አገር ቤት ኢንጂነሪንግ ተምሮ እዚህ ሌላ ሥራ ላይ ያለ ሰው፣ ወይም በልስንና በወለል ሥራ የራሱን ድርጅት የከፈተ ሐበሻ፣ ከሙያው ሰዎች ጋር የሚተዋወቅበት ቦታ ነው። ምዝገባው ከስብሰባው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ ቀኑን አስቀድሞ ማጣራት ነው። ቢዝነስ ካርድ መያዝም አይረሳ።